ኤልዲኤሌ «ኖርማል» ነው፣ አፖ ቢ ግን ከፍ ብሏል፤ የቱን ልመን?

የሶማሌ ተራው፦

ሰላም ለሁላችሁ። 46 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሲጋራ አላጨስም። ግፊቴ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ግን ወንበር ላይ ነው የምውለው፣ ቦርጭም አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል። ባለፈው ዓመት፣ በ51 ዓመቱ፣ ሀርት አታክ ያዘው። ለልቡ የፊት ክፍል ደም የሚያደርሰው ትልቁ ቧንቧ ተዘግቶ ስቴንት የሚባል ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ ገባለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ወደ ሥራው ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ግን በደወለ ቁጥር «ተመርመር» ነው የሚለኝ። እኔም ተመረመርኩ። ውጤቱ ይኸው፣ ከስኳሩ በቀር ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፦

ጠቅላላ ኮሌስትሮል 178
ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል የሚሉት) 98
ኤችዲኤል (ጥሩው የሚሉት) 34
ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 230
የሦስት ወር የስኳር መጠን 6.1 በመቶ

ያየኝ ሐኪም «ኮሌስትሮልህ ኖርማል ነው፣ ትራይግሊሰራይድህ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጮማ ቀንስ» ብሎ ሸኘኝ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ ግን ደስ አላለውም። «አፖ ቢ የሚባል ምርመራ አለ፣ እሱን አሠራ» አለኝ። ብዙ ቦታ ጠይቄ በመጨረሻ አንድ ላቦራቶሪ ናሙናውን ወደ ውጭ ልኮ ውጤቱን አመጣልኝ። 118 ይላል፤ ከጎኑም ከፍተኛ የሚል ምልክት አለበት።

አሁን ግራ ገባኝ። አንዱ ወረቀት ደህና ነህ ይላል፣ ሌላው አይደለህም ይላል። ሁለቱም የኮሌስትሮል ምርመራ አይደሉም እንዴ? ወንድሜ «ዋናው የቅንጣቶቹ ብዛት ነው» ይላል። ቅንጣት ምንድን ነው? ልብ ላይስ ምን ያደርጋል? የምታውቁ ካላችሁ በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

አዲሱ ገበያ፦

ወንድም፣ 98 እኮ ከ100 በታች ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? እኔ 160 ነበርኩ። ተልባ መጠጣት ጀመርኩ፣ ጠዋት ጠዋት መሮጥ ጀመርኩ፣ ወረደልኝ። ቅቤና ጥሬ ሥጋ ቀንስ፣ በቃ። ምርመራ ሲበዛ ጭንቀት ነው የሚጨምረው።

ከኬሚስትሪ ክፍል፦

የሶማሌ ተራው፣ እንኳን ወንድምህ ተረፈልህ።

እኔ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ኬሚስትሪ ማሽን ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ ግን አውቃለሁ። እንዳንተ ያለ ወረቀት በእጄ ሲያልፍ ሁሌም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ተደስቶ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው፣ ታገሠኝ።

ኮሌስትሮል የስብ ዓይነት ነው። ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስብና ውሃ አይዋሃዱም። ስለዚህ ጉበት ስቡን በፕሮቲን ጠቅልሎ፣ በጣም ጥቃቅን እንክብል አድርጎ ወደ ደም ይልከዋል። ወንድምህ ቅንጣት የሚለው ይህንን እንክብል ነው። ኤልዲኤል አንዱ ዓይነት ነው። የአንዱ ስፋት 20 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 50 ሺህ ያህሉን ጎን ለጎን ብትደረድር አንድ ሚሊሜትር ነው የሚሞሉት።

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። እያንዳንዱ የኤልዲኤል እንክብል ላይ አፖ ቢ የሚባል ትልቅ ፕሮቲን ተጠምጥሟል። አንድ ብቻ ነው። ሁለት የያዘ የለም፣ ሳይዝ የሚዞርም የለም። እንክብሉ ከጉበት ከወጣ ጀምሮ ከደም እስኪወገድ ድረስ ያ ፕሮቲን አይለየውም። ስለዚህ አፖ ቢን ስንለካ እንክብሎቹን እየቆጠርን ነው። ኤልዲኤል 98 የሚለው ቁጥር ግን ብዛታቸውን አይነግርህም። እንክብሎቹ በውስጣቸው የተሸከሙትን ኮሌስትሮል ክብደት ነው የሚነግርህ።

ጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ ጭነት የያዙ አህዮች ሲያልፉ አይተህ ታውቃለህ። አጥሩን እየታከከ የሚያልፈው አህያው ነው። አሥር ኩንታል እህል በአሥር አህያ ሊሄድ ይችላል። ያው አሥር ኩንታል በሃያ አህያም ሊሄድ ይችላል። ሚዛን ላይ እኩል ነው፤ አጥሩ ግን እጥፍ ይታከካል። አንተ ደም ውስጥ ያሉት ግማሽ ጭነት የያዙ ብዙ አህዮች ናቸው።

ለምን እንደዚያ ሆነ? መልሱ 230 የሚለው ላይ ነው። በደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ ሲበዛ እንክብሎች ስብ ይለዋወጣሉ። ኤልዲኤል ኮሌስትሮሉን እየሰጠ ትራይግሊሰራይድ ይቀበላል። ከዚያ ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም የተቀበለውን ትራይግሊሰራይድ ይሰባብርበታል። የሚቀረው አነስ ያለ፣ ኮሌስትሮል የጎደለው እንክብል ነው። ቦርጭ፣ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ፣ ዝቅ ያለ ኤችዲኤል፣ ከ5.7 ያለፈ የሦስት ወር ስኳር፤ እነዚህ አንድ ሰው ላይ አብረው ሲገኙ የኤልዲኤል ቁጥር ብቻውን አይታመንም። አንተ ላይ አራቱም አሉ። በነገራችን ላይ 6.1 የስኳር በሽታ ዋዜማ የሚባለው ክልል ውስጥ ነው፤ እሱንም ዝም ብለህ አትለፈው።

ደግሞ ያ 98 በማሽን የተለካም አይመስለኝም። ብዙ ላቦራቶሪ ኤልዲኤልን የሚያገኘው በስሌት ነው። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1972 ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ ናቸው ያወጡት። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ትቀንሳለህ፣ ከዚያ ትራይግሊሰራይድን ለ5 አካፍለህ እሱንም ትቀንሳለህ። በአንተ ቁጥር እንሞክረው። 178 ሲቀነስ 34፣ 144። 230 ሲካፈል ለ5፣ 46። 144 ሲቀነስ 46፣ 98። ልክ ወረቀትህ ላይ ያለው ነው። ቀመሩ ትራይግሊሰራይድ ዝቅ ሲል ጥሩ ይሠራል። ከፍ እያለ ሲሄድ ስህተቱም ይጨምራል፣ ከ400 በላይ ደግሞ ጭራሽ አንጠቀምበትም።

አሁን በመሃል ያገኘናትን 144ን ተመልከታት። ጠቅላላው ሲቀነስ ኤችዲኤል ማለት ነው። ነን ኤችዲኤል ይሏታል። አፖ ቢ ያላቸው እንክብሎች ሁሉ፣ ኤልዲኤሉም ሌሎቹም፣ የያዙት ኮሌስትሮል ድምር ናት። ቁጥሯ ከአፖ ቢ ጋር በደንብ ትቀራረባለች። ተጨማሪ ብር አትጠይቅም። ማንኛውም ክሊኒክ የሚሰጠው የሊፒድ ፕሮፋይል ወረቀት ላይ በስልክ ካልኩሌተር ትወጣለች። ጾመህ ባትመጣ እንኳ ብዙም አትለወጥም። የእኛ አገር ወረቀቶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አትጻፍም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ አቅም የሌለው ሰው ያው መልስ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ አፖ ቢ መካከለኛ ስጋት ላለበት ሰው ከ100 በታች፣ ከፍተኛ ስጋት ላለበት ከ80 በታች፣ እንደ ወንድምህ በሽታው ለታየበት ደግሞ ከ65 በታች ይሁን ይላል። ነን ኤችዲኤል በቅደም ተከተል ከ130፣ ከ100 እና ከ85 በታች። የአንተ 118 እና 144 ናቸው። በየትኛውም ብትለካው ከገደቡ በላይ ነህ። ሁለቱ ቁጥሮችህ እርስ በርስ የተስማሙ ናቸው፤ ለብቻው የቀረው 98 ነው።

ቧንቧው ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ይህ ነው። ብዙ ሰው ኮሌስትሮል ደም በሚያልፍበት በኩል ላዩ ላይ የሚለጠፍ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። እንክብሉ የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። ጥቂቱ ግን ግድግዳው ውስጥ ካሉ ነገሮች ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የሚያጣብቀውም ያው አፖ ቢ ነው። እዚያ የቀረው እየቆየ ይበላሻል። ነጭ የደም ሕዋሳት ሊያጸዱት ይመጡና ይውጡታል። ብዙ ሲውጡ በስብ ተሞልተው እዚያው ይሞታሉ። በዚህ መልክ እየተከማቸ የሚሄደው ነው ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት። ላዩን ስስ ሽፋን ይከድነዋል። ያ ሽፋን አንድ ቀን ሲቀደድ ደም እላዩ ላይ ይረጋና ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል። ሀርት አታክ ማለት ይህ ነው። ከመቀደዱ በፊት ቧንቧው ብዙም ያልጠበበ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሰውዬው ደረጃ ሲወጣ እንኳ ምንም ላይሰማው ይችላል።

ይህ በአንድ ዓመት የሚመጣ አይደለም። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ታትሞ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር። ከ10 ከ7 በላይ የሚሆኑት የልብ ቧንቧቸው ላይ በሽታው ጀምሯቸው ነበር። ስለዚህ ቁም ነገሩ ሁለት ነው፦ የእንክብሎቹ ብዛትና በዚያ ብዛት የቆየህባቸው ዓመታት። 46 ዓመት ገና ብዙ ማድረግ የሚቻልበት ዕድሜ ነው።

እውነቱን ፈላጊ፦

እህት፣ ጥሩ አስረድተሻል፤ ግን አንድ ነገር አለ። ኮሌስትሮል ለአንጎልም ለሆርሞንም ያስፈልጋል። አያቴ ቅቤ አናታቸው ላይም ወጣቸው ውስጥም ሳይለይ 90 ተሻገሩ። ይህ የኮሌስትሮል ነገር መድኃኒት ለመሸጥ የተፈጠረ ነው የሚሉ ሐኪሞችም አሉ። እንክብሉ እዚያ ተገኘ ማለት እኮ እሱ አመጣው ማለት አይደለም።

ዱባይ ያለሁት፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እዚህ የሚሰጡን ወረቀት ላይ የእኔ ኤልዲኤል 3.4 ነው የሚለው። ይህ ከእናንተ ቁጥር ጋር እንዴት ይገናኛል?

ከኬሚስትሪ ክፍል፦

ዱባይ ያለኸው፣ ወይም ያለሽው፣ በ38.67 አባዛው። 131 ይመጣል። ትራይግሊሰራይድን ግን በ88.6 ነው የምታባዛው፤ ሁለቱ አይቀላቀሉ።

እውነቱን ፈላጊ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አብሮ መገኘትና ማምጣት አንድ አይደሉም። ይህን የለየልን የዘር ውርስ ነው።

ሲወለዱ ጀምሮ ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሳው ተቀባይ የጎደላቸው ሰዎች አሉ። ብራውንና ጎልድስቲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዳላስ ውስጥ ይህን ተቀባይ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል ተሸለሙ። ጉድለቱን ከአባትም ከእናትም የወረሱ ልጆች ኤልዲኤላቸው ከ500 በላይ ይደርሳል። ሕክምና ካላገኙ በልጅነታቸው ሀርት አታክ ይይዛቸዋል። እነዚህ ልጆች አያጨሱም፣ ስኳር የለባቸውም፣ ቦርጭም የላቸውም። ያላቸው ብዙ እንክብል ብቻ ነው።

ተቃራኒውም አለ። አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ክትትል ከተደረገባቸው ጥቁር ተሳታፊዎች መካከል ከ100 ሁለት ወይም ሦስት የሚሆኑት ፒሲኤስኬ9 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ይዘው ተወልደዋል። ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጥናት እነዚህ ሰዎች በልብ ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ግፊት ነበረባቸው፣ የሚያጨሱም ነበሩ። ዕድሜ ልክ ጥቂት እንክብል መያዝ ይህን ያህል ጠበቃቸው። ጂኑን ማንም ኩባንያ አልሸጠላቸውም።

የአያትህን ዕድሜ እግዚአብሔር ባርኮታል። ምናልባት ጉበታቸው እንክብሉን ቶሎ የሚያነሳ ይሆናል፤ ምናልባትም ቀኑን ሙሉ በእግራቸው የሚሄዱ ነበሩ። ለሶማሌ ተራው ግን ያንተ አያት ጉበት አይመጣለትም። የእሱ ወንድም በ51 ነው የወደቀው።

የሶማሌ ተራው፦

እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ካልኩሌተሬን አውጥቼ ከአንቺ ጋር ሠራሁት። ሚስቴም የራሷን ወረቀት አመጣች፤ የእሷ ነን ኤችዲኤል 108 ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እኔ ጾም አላጓድልም። ዓቢይ ጾምን ሁሌም እጾማለሁ፣ ረቡዕና ዓርብም። ታዲያ ከግማሽ ዓመት ያላነሰ ሥጋና ቅቤ ሳልቀምስ ይህ ሁሉ እንክብል ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ኤችዲኤሌ 34 ነው፤ ጥሩው ኮሌስትሮል ነው ስለሚሉ እሱን ባሳድገው ይሻላል? ሦስተኛ፣ ወንድሜ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ይወስዳል። እኔም ልጀምር? ጡንቻ ይጎዳል ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ።

ነርስ ከሜሪላንድ፦

የሶማሌ ተራው፣ እኔ ስቴንት በሚገባበት ክፍል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ስለ ወንድምህ አንድ ነገር ልበል። ስቴንት የከፈተው ያቺን የተዘጋች ቦታ ብቻ ነው። ለልብ ደም የሚያደርሱት ሦስቱም ዋና ቧንቧዎች ግን ያንኑ ደም ነው የሚጠጡት። አንዳንድ ታካሚ «ተጠግኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል፣ ከዚያ በሌላ ቧንቧ ይመለሳል። ወንድምህ እንዳያቋርጥ እየደወልክ ተቆጣው፤ እሱ አንተን እንደሚቆጣው።

ለአንተ ደግሞ፦ ወንድምህን ስለ ኤልፒ ኤ ጠይቀው። ሊፖፕሮቲን ኤ ነው ሙሉ ስሙ። እሱም አፖ ቢ ያለው እንክብል ነው፣ ግን ሌላ ፕሮቲን ተጨማሪ ተያይዞበታል። መጠኑን የሚወስነው በአብዛኛው ውርስ ነው፤ ምግብም ስፖርትም አይቀንሰውም፣ ስታቲንም አይቀንሰውም። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች በአማካይ ከፍ ይላል። ቤተሰብ ውስጥ በለጋ ዕድሜ ሀርት አታክ ሲያጋጥም መጀመሪያ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ነው። በዕድሜ አንድ ጊዜ መለካት በቂ ነው። ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ሌሎቹን ቁጥሮች ሁሉ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

ሐኪምህ ስታቲን መጀመር ላይ ካመነታ በሲቲ የሚታይ የልብ ቧንቧ የካልሲየም ምርመራም አለ። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ክምችቱ መጀመሩ ነው፤ ጥያቄው ያልቃል። ዜሮ ከሆነ ግን በ46 ዓመትህ ነጻ ነህ ማለት አይደለም፤ አዲሱ ፕላክ ለስላሳ ስለሆነ ገና ካልሲየም አልያዘም።

ከኬሚስትሪ ክፍል፦

ነርሱ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ኤልፒ ኤን እኔም ላነሳ ነበር።

ከጾሙ ልጀምር። ጾም ኤልዲኤልን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የቅቤና የሥጋ ስብ ጉበት እንክብሉን የሚያነሳባቸውን ተቀባዮች ያሳንሳል። ስብ ሲቀር ተቀባዮቹ ይበዛሉ። ያንተ ችግር ግን በዋናነት ከትራይግሊሰራይድ በኩል ነው። እሱን የሚያሳድጉት ስኳር፣ ለስላሳ፣ ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ቢራ ናቸው። አንዳቸውም በጾም አይከለከሉም፤ ቢራም ለብዙ ሰው። ቀኑን ውሎ በዘጠኝ ሰዓት አንድ ትልቅ ሳህን ፓስታ፣ በላዩ ሳምቡሳ፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ። ጉበት ይህን ሁሉ ተቀብሎ ትርፉን ወደ ስብ ይለውጠዋል፣ በእንክብል ጠቅልሎ ይልከዋል። የጾም ምግባችን ራሱ ድንቅ ነው፦ ምስር፣ ሽሮ፣ አተር፣ ጎመን፣ ስልጆ፣ ተልባ። አዲሱ ገበያ ስለ ተልባና ስለ ሩጫ ያለው ትክክል ነው። ሳህኑን በእነዚህ ሙላው፣ ዳቦውን አሳንሰው።

ዘይቱንም እየው። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ የሚረጋ ስብ ነው። ብዙ ቤት በጾም ቅቤ ትቶ ዓመቱን ሙሉ በእሱ ይጠብሳል። የኑግና የሱፍ ዘይት ከዚያ እጅግ ይሻላሉ። ዋጋቸው ከፍ እንደሚል አውቃለሁ። መጠኑን ብትቀንስ እንኳ ትጠቀማለህ።

ስለ ቡናም የምትጠይቁኝ ካላችሁ፦ በወረቀት ያልተጣራ የተፈላ ቡና ውስጥ ኤልዲኤልን የሚያሳድግ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ። የጀበና ቡናም የተፈላ ነው። በቀን አንድ ሁለት ስኒ ማንንም አያስፈራም። ቀኑን ሙሉ ለሚጠጣና ቁጥሩ አልወርድ ላለው ግን መመርመር ያለበት ነገር ነው።

ኤችዲኤልን በተመለከተ ልብህን አትጣልበት። ዝቅ ማለቱ ምልክት ነው፤ ስኳሩና ትራይግሊሰራይዱ ከመስመር እንደወጡ ይናገራል። ራሱን ማሳደግ ግን ልብን አላዳነም። ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ኤችዲኤልን በጣም አሳድጎ ነበር፤ የወሰዱት ሰዎች ሞት በዛ፣ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋረጠ። ቦርጩ ሲቀንስና በእግር መሄድ ሲለመድ ኤችዲኤልህ በራሱ ትንሽ ይነሳል፣ ትራይግሊሰራይድህ ደግሞ ብዙ ይወርዳል።

ስታቲን መጀመር አለመጀመርን የሚወስነው አንተን ያየ ሐኪም ነው፤ እኔ አልገባበትም። ስለ መድኃኒቱ የሚታወቀውን ግን ልንገርህ። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል መሥራቱን ይቀንሳል። ጉበት ሲያጥረው ብዙ ተቀባይ ያወጣና እንክብሎቹን ከደም ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ1994 በስካንዲኔቪያ 4,444 የልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት በወሰዱት ላይ ሞት በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ሲደመሩ ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም ሲወርድ ሀርት አታክና ስትሮክን የመሰሉ አደጋዎች በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳሉ።

የጡንቻ ሕመም አለ፤ ሐሰት አይደለም። ከባዱ ጉዳት ግን ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ስታቲን አልስማማን ብለው ያቆሙ 60 ሰዎች አንድ ወር እውነተኛውን፣ አንድ ወር ባዶ ክኒን፣ አንድ ወር ምንም እንዲወስዱ ተደረገ። በእውነተኛው ክኒን ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በባዶው ክኒንም ተሰምቷቸው ነበር። ሕመሙ እውነት ነው፣ ምንጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ አልነበረም። ያንተን ጡንቻ ቢያምህ ደግሞ መጠን መቀነስ፣ ዓይነት መቀየር፣ ኢዜቲማይብ የሚባል ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት መጨመር ይቻላል። ዝም ብሎ መተው ብቻ አይደለም ምርጫው።

ሐኪሙ ጋ ስትመለስ ሁለቱንም ወረቀት ይዘህ ሂድ። «ወንድሜ በ51 ዓመቱ ሀርት አታክ ይዞታል፣ ነን ኤችዲኤሌ 144 ነው፣ አፖ ቢዬ 118 ነው» ብለህ ጀምር። መጀመሪያ ያየህ ሐኪም የወንድምህን ነገር ሰምቶ ነበር? ካልሰማ ንገረው። ወንድ ወንድም ወይም አባት ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት ከታመሙ ሐኪሞች ስጋቱን ከፍ አድርገው ነው የሚያዩት።

የሶማሌ ተራው፦

አልነገርኩትም። አልጠየቀኝም፣ እኔም ይህን ያህል የሚያገናኝ አልመሰለኝም። ሰኞ እሄዳለሁ።

ወንድሜን ስለ ኤልፒ ኤ አሁን ጠየቅሁት። ተለክቶለታል፣ 160 ነው አለኝ። ይህ ከ50 በላይ ስለሆነ ሦስት እጥፍ ማለት ነው?

ነርስ ከሜሪላንድ፦

ቆይ፣ አሃዱን ጠይቀው። እዚህ ብዙ ላቦራቶሪ በናኖሞል በሊትር ነው የሚጽፈው። በዚያ አሃድ መስመሩ 125 ነው። 160 ከሆነ አልፏል፣ ግን ሦስት እጥፍ አይደለም።

ከኬሚስትሪ ክፍል፦

አዎ፣ ሁለቱ አሃዶች በአንድ ቁጥር ተባዝተው አይቀያየሩም፤ የኤልፒ ኤ እንክብል ክብደት ከሰው ሰው ይለያያል። ከወንድምህ ጋር እንድታወዳድረው ከፈለግህ ናሙናህ ሲላክ «በናኖሞል ይሁንልኝ» በል። የእሱ ከፍ ስላለ አንተ ብቻ ሳትሆን ሌሎች ወንድሞችና እህቶች ካሏችሁ እነሱም፣ የእሱ ልጆችም ይለኩ። አፖ ቢውን ደግሞ ምግብ ከቀየርክ ወይም መድኃኒት ከጀመርክ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ድገመው። ወደ ውጭ መላኩ ከከበደህ እዚሁ የሊፒድ ፕሮፋይል አሠራና 178 ሲቀነስ 34 እንዳልነው ቀንሰው። ውጤቱን እዚህ ጻፍልን።